ሜኑው ለጌጥ ነው

ሰፈራችን ውስጥ ሜኑ ያለው ካፌ ሞልቷል። እኔ ቅዳሜና እሑድ ቁርሴን የምበላው ግን ሜኑው ለጌጥ ከተቀመጠበት ቤት ነው። የለም አይባልም፤ አለ። በላስቲክ ተለብጦ በየጠረጴዛው ላይ ተገትሯል። ጨጨብሳ፣ ቋንጣ ፍርፍር፣ እንቁላል ስልስ፣ ፈጢራ፣ ቡላ፣ ገንፎ፣ ቅንጬ፣ ፉል ኖርማል፣ ፉል ስፔሻል፤ ሁሉም በየመልኩ ተደርድሯል። ዋጋ በተጨመረ ቁጥር አዲስ ሜኑ ማሳተም ቀርቶ በአሮጌው ቁጥር ላይ ትንሽ ነጭ ወረቀት ይለጠፋል፤ በዚያ ላይ ሌላ፣ በዚያም ላይ ሌላ። የፉል ስፔሻል ዋጋ አሁን በጣት ሲዳበስ ጉብ ብሏል። አንድ ጎረቤቴ ቁርሱ እስኪደርስ ሥራ ፈትቶ ወረቀቶቹን በጥፍሩ እየላጠ ወደ ኋላ ሲጓዝ ሲጓዝ፣ የምንዛሪ ተመኑ በገበያ ይወሰን ከተባለበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት ከነበረው ቁጥር ደረሰ። ትንሽ ዝም ብሎ አየውና የላጠውን መልሶ በምራቁ ለጠፈው። "ይቀመጥ፤ ልጆቼ ያዩታል" አለ።

ለጌጥ ነው ያልኩት ግን በዋጋው ምክንያት አይደለም። እዚህ ቤት ምን እንደምትበላ የምትወስነው አንተ አይደለህም። የቤቱ ባለቤት ናቸው።

ፊት ለፊት "እትዬ" እንላቸዋለን። ዞር ሲሉ "እቴጌ" ናቸው። ይህን ያውቃሉ፤ እንደማያውቅ ሰው ሆነው ይኖራሉ እንጂ።

ቤቱ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ እኔ ከምኖርበት ብሎክ ሥር ነው። ኮንዶሚኒየም የኖረ እንደሚያውቀው ላይኛው ፎቅ በዕጣ፣ ምድር ላይ ያለው ሱቅ በጨረታ ነው የሚተላለፈው። ላይ ያለነው ዕድል የቀናን ነን፣ ታች ያሉት ገንዘብ የቀናቸው ናቸው እንግዲህ። እቴጌ ከሁለቱም ወገን አይደሉም፤ ተከራይ ናቸው። ከሳቸው በፊት ቤቱ የሴቶች ፀጉር ቤት ነበር። ፀጉር ሠሪዋ ስትለቅ መስታወቱንና አንድ ወንበር ትታ ሄደች፤ በዕዳ ተይዞባት ነው የሚሉም አሉ። መስታወቱ ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር ሞልቶታል። ፊቱን ወደዚያ አዙሮ የተቀመጠ ሰው ጨጨብሳ ሲጎርስ ራሱን ያያል። ጨጨብሳ ደግሞ ሲበሉት እንጂ ሲበላ ሲያዩት አያምርም፤ ቅቤው ከከንፈር ወደ አገጭ ይወርዳል፣ በርበሬው ጥርስ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ነባር ደንበኛ ከአዲሱ የሚለየው ጀርባውን ለመስታወቱ ሰጥቶ በመቀመጡ ነው።

ወንበሩ በእግር ሲረገጥ ከፍ የሚል፣ ሲለቁት ተንፍሶ ዝቅ የሚል፣ ዙሪያውን የሚሽከረከር እውነተኛ የፀጉር ቤት ወንበር ነው። የክብር ቦታ ስለሆነ የሚቀመጡበት ጡረታ የወጡ አንድ ሻለቃ ናቸው። ከሁላችንም በላይ ከፍ ብለው፣ ቀስ እያሉ እየተሽከረከሩ፣ መግቢያውን፣ ማድቤቱንና ቴሌቪዥኑን በየተራ ይቃኛሉ። ሌሎቻችን በፕላስቲክ ወንበርና በበርጩማ ላይ ነን። አንድ ጥግ ላይ ደግሞ ከሚኒባስ የተነቀለ የሦስት ሰው መቀመጫ አለ። እዚያ ላይ ሦስት ሰው ከተቀመጠ አራተኛው መጥቶ "ጠጋ ጠጋ በሉ" ይላል፤ ሦስቱም ጠጋ ይላሉ። ማንም ለምን ብሎ አይጠይቅም።

ግድግዳው ማስታወቂያ በማስታወቂያ ነው። "ዱቤ ዛሬ የለም፣ ነገ ነው" የሚለው የትም አለ። "ላፕቶፕ መጠቀም ክልክል ነው" የሚለውም በከተማው ተለምዷል። የዚህ ቤት ብቻ የሆነው በእስክሪብቶ የተጻፈው ነው፦ "የሰው ቁርስ እያዩ አስተያየት መስጠት አይቻልም።" ይህን ሕግ በየቀኑ የሚጥሱት አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ ጽሑፉም የሳቸው ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ትገባለህ። እቴጌ ከባንኮኒው ኋላ ከፍ ያለ ዱካ ላይ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ተቀምጠው፣ ከበሩ ጀምረው ያዩሃል። አረማመድህን፣ ዓይንህን፣ ሸሚዝህ መተኮሱንና አለመተኮሱን ያያሉ። አስተናጋጁ መጥቶ ጠረጴዛህን ይወለውላል፤ "ምን ልታዘዝ?" አይልም። ወደ ባንኮኒው ተመልሶ ጆሮውን ያቀብላል፤ ከዚያ ውሳኔውን ይዞ ይመጣል። "ቅንጬ ተብሏል።" አለቀ። "እኔ እኮ ፉል ነበር የፈለግኩት" የሚል እንግዳ ቢገኝ፣ እቴጌ ካሉበት ሆነው፣ ቤቱ ሁሉ እየሰማ "ልጄ፣ ፊትህን አይተኸዋል? ያ መስታወት እኮ ለዚሁ ነው የተሰቀለው" ይሉታል። እንግዳው መስታወቱን ያያል። ቅንጬውን ይበላል።

አርብ ማታ ያመሸ ሰው ቃሪያ የበዛበት ፍርፍር ይቀርብለታል፤ የት እንዳመሸ አይጠየቅም። ጨጓራ ያለበት፣ ለመሆኑ አዲስ አበባ ውስጥ የሌለበት ማን ነው፣ በርበሬ አይነካም፤ አጃ ነው፣ ካልሆነም ተልባ። "ሐኪም ፈቅዶልኛል" ቢል "ሐኪሙ ሌሊት አብሮህ አያድርም" ይሉታል። ለ12ኛ ክፍል ተፈታኝ እንቁላል ይጨመርለታል፤ ሒሳቡ ላይ አይወጣም። ገንፎ እንግዲህ በደንቡ የአራስ ነው፤ ያዘዘ ሁሉ "ማን ወለደ?" መባሉ አይቀርም። አንድ እሑድ ታዲያ ለአንዲት ጎረቤታችን ማንም ሳያዝላት ገንፎ ቀረበላት፤ መሀሉ ጎድጎድ ብሎ፣ ቅቤው በበርበሬ ቀልቶ። ባልየው ሳቀ። ሚስትየው አልሳቀችም። ባልየው ሳቁን ቀስ በቀስ አቆመ። ልጁ አሁን ዳዴ እያለ በየጠረጴዛው ሥር ይዞራል፤ ቤቱ ሁሉ "የገንፎው" ነው የሚለው።

እኔ ቅዳሜ ፉል ይፈቀድልኛል፤ እሑድ አይፈቀድልኝም። "ሁለት ቀን ተከታትሎ ባቄላ የበላ ሰው ከሰው መሀል አይቀመጥም" ነው ምክንያታቸው። ለዚህ መልስ አላገኘሁለትም።

እንዲህ ያለውን አገዛዝ ሰው ለምን ገንዘቡን ከፍሎ ይገባበታል ለሚለኝ ምክንያቴ ይህ ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ የምውለው ምን እንደምፈልግ ስጠየቅ ነው። ስልኬ "ለአማርኛ 1ን ይጫኑ" ይለኛል። ባንክ ወረቀት ቆርጬ ተራ ከመጠበቄ በፊት ከአምስት አገልግሎት አንዱን እንድመርጥ ያደርገኛል። ቢሮ ደግሞ "አንተ ምን ይሻላል ትላለህ?" የሚባለው መልሱ አስቀድሞ በታወቀበት ጉዳይ ነው። ከተማው ሁሉ "ደንበኛ ንጉሥ ነው" ብሎ ለጥፏል። ንጉሥነት አድካሚ ሥራ ነው፤ በታሪካችን እንኳ ንጉሥ ሆኖ ቁርሱን በሰላም የበላ ጥቂት ነው። ቅዳሜ ጠዋት ተራ ሕዝብ መሆን ያምረኛል።

የቅዳሜው ፉል በዋዛ የሚታለፍ አይደለም። ባቄላው ሐሙስ ማታ ይነከራል። አርብ ማታ ካፌው ሲዘጋ ትልቁ ድስት ከኋላ በኩል፣ አየር ባለበት በረንዳ ላይ፣ በከሰል ይጣዳል። እቴጌ በመብራት ኃይል ላይ ተማምነው ባቄላ አይጥዱም። ሌሊቱን ሲንተከተክ ያድራል። እኔ ሁለተኛ ፎቅ ነኝ፤ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ሽታው ደረጃውን ወጥቶ በበሬ ሥር ይገባል። ከዚያ በኋላ የሚተኛ ሰው ይተኛ።

አንድ ጊዜ ማድቤት ገብቼ ሲሠራ ቆሜ አይቻለሁ። ሁለት ጭልፋ ባቄላ ከነመረቁ በእሳት በጋለ የብረት ሰሃን ላይ ይገለበጣል። ልጅቷ ባዶ የለስላሳ ጠርሙስ አንገቱን ይዛ በቂጡ ትጨፈልቀዋለች፤ ግን ሁሉንም አትደቁሰውም። ጠርሙሱ ሰሃኑን ኳ ኳ ሲያደርግ ከመሀሉ ያመለጠው ፍሬ ወደ ዳር ይሸሻል፤ የሸሸው እንዳለ ይተዋል፣ ጥርስ የሚያገኘው እሱን ነውና። ነጭ ሽንኩርት የገባበት ትኩስ ዘይት ቸስ ይልበታል። ከሙን ቆንጠር፣ አዋዜ በማንኪያ ጫፍ። ላዩ ላይ በደቃቁ የተከተፈ ቲማቲም፣ ቀይ ሽንኩርትና ቃሪያ ይበተናል። ስፔሻል ከሆነ እንቁላሉ በአንድ ወገን ይተኛል፣ እርጎው መሀል ላይ ይፈሳል፤ ጾም ከሆነ በሁለቱ ፋንታ አቮካዶ። ጠረጴዛ ላይ ደርሶም ዳር ዳሩ መፍላቱን አያቆምም። ዳቦው አጠገብ ካለው ዳቦ ቤት በትኩሱ ይመጣል፤ መጠኑን አታንሱብኝ። ድሮ አንድ ዳቦ ከአንድ ፉል እኩል ያልቅ ነበር፤ አሁን ሦስት ጨርሰህ ሰሃኑ ላይ ገና ባቄላ አለ።

በፉል አበላል ሰው በሁለት ይከፈላል። አንዱ ገና ከመቅረቡ እንቁላሉን፣ እርጎውንና ቲማቲሙን በሹካ አምሶ አንድ ዓይነት ያደርገዋል። ሌላው ከዳር ጀምሮ፣ አንዴ ከእንቁላሉ፣ አንዴ ከእርጎው፣ ተራ እየጠበቀ ወደ መሀል ይገባል። እኔ የዳሩ ወገን ነኝ። አምሰው የሚበሉትን በሌላ ጉዳይም አላምናቸውም።

ባቄላ እንኳ እኛ ዘንድ አልጠፋም። ኢትዮጵያ በባቄላ ምርት ከቻይና ቀጥላ ስሟ የሚነሳ አገር ናት። አሹቅ እናደርገዋለን፣ በሽሮና በስልጆ እንበላዋለን፣ ለጸሎተ ሐሙስ ጉልባን እንቀቅለዋለን። ለቁርስ ጨፍልቆ በዘይት መብላቱን ግን ከሱዳንና ከግብፅ በኩል እስኪመጣልን ጠበቅን። ሻለቃው "ውሃውን ከዚህ እየላክን ፉሉን ከዚያ መቀበላችን በድርድሩ ላይ መነሳት አለበት" ይላሉ፤ እቴጌም ቤታቸው ውስጥ ፖለቲካ እንደማይወራ ያስታውሷቸዋል። ፈጢራውን ደግሞ የመኖቹ ናቸው ያስለመዱን፤ የሰፈር ሱቅ ሁሉ "አረብ ቤት" ይባል በነበረበት ዘመን። ቀጭን ሊጥ፣ እንቁላል፣ ላዩ ላይ ማር። እዚህ ቤት የሚሰጠው ለተኳረፉ ባልና ሚስት ነው፤ አንድ ሰሃን፣ ሁለት ሹካ።

ከበሩ በስተቀኝ የቡና ማሽኑ፣ በስተግራ ጀበናው አለ። በሁለቱ መካከል ያለው ነገር ጦርነት ባይባልም ሰላምም አይደለም። የማሽኑ ልጅ ትእዛዝ ሲጮኽለት በደንበኛው ዓመል ነው የሚያስታውሰው። ጠቆር ያለ፣ ነጣ ያለ፣ አረፋ የሌለው፣ ስኳሩ ለብቻ። ጣልያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ቆይቶ ሲባረር ከተወልን ነገር ሁሉ ሳንጣላ የተቀበልነው ማካሮኒና ማኪያቶ ነው፤ ማኪያቶውንም ቢሆን እንዳለ አልተውነውም። እነሱ ወተቷን ጠብ ነው የሚያደርጉባት፤ እኛ ብርጭቆውን በወተት ሞልተን ቡናው እንዲታገል እንተወዋለን። በግራ በኩል ያለችው ልጅ ቄጠማ ጎዝጉዛ፣ እጣን አጭሳ፣ ሲኒ ደርድራ ትጠብቃለች። ጤና አዳም ጣል ታደርግበታለች። ዋጋዋም ከማሽኑ ይቀንሳል፤ ይህን ጮክ ብላ መናገር ትወዳለች።

ሁለቱ በሥራ ሰዓት አይነጋገሩም። እሱ የሷን ሲኒ ይቆጥራል፣ እሷ የሱን ብርጭቆ ትቆጥራለች። ሰው ጋብ ሲል ግን እሱ ከባንኮኒው ሥር ጎንበስ ብሎ ጀበና ቡና ይጠጣል፣ እሷ ከመጋረጃው ኋላ ማኪያቶ ነጣ ያለ ይደርሳታል። ሊጋቡ ነው ይባላል። እቴጌ እስካሁን አልፈቀዱም።

በጾም ወራት ሁኔታው ይከብዳል። ረቡዕና አርብ የቅዳሜን ቁርስ አይነኩትም፤ ዐቢይ ጾምና የገና ጾም ግን ቅዳሜንም እሑድንም ይዘው ነው የሚሄዱት። በነዚያ ሳምንታት ቅዳሜ እሑድ በጠዋት መብላቱ ባይከለከልም ቅቤና እንቁላሉ የለም። ኅዳር 15 መድረሱን የዘነጋ ሰው ጨጨብሳ በቅቤ ሲያስብ የሚቀርብለት በዘይት ነው፤ ቀን መቁጠሪያው እቴጌ ናቸው። "የሰኔ ጾም የቄስ ነው" ብሎ ለማምለጥ የሚሞክር አይጠፋም። "አንተ ከቄሱ በምን ተሻልክ?" ይባላል። በሶያ ወተት የሚሠራውን የጾም ማኪያቶ ደግሞ እቴጌ በቁም ነገር ይጠሉታል። ለጿሚ የሚሰጡት ስፕሪስ ነው፤ ግማሽ ሻይ፣ ግማሽ ቡና። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን በረመዳን ጠዋት ስለማይመጡ የሚኒባሱ መቀመጫ ባዶውን ይውላል፤ ማታ ግን ሰንቡሳው በሳህን ተሸፍኖ ወደየቤታቸው ይላክላቸዋል። ምን እንደሚላክ እነሱም አይጠየቁም።

ቅዳሜ 3 ሰዓት ላይ ወንበር ማግኘት ዘበት ነው፤ ከማታውቀው ሰው ጋር ትቀመጣለህ። "ሰው አለው?" "የለውም፣ አረፍ በል።" ያንተ ምግብ ቀድሞ ከመጣ "እንብላ" ማለት ግዴታህ ነው። የሱ ግዴታ ደግሞ "ብላ፣ ይባርክልህ" ብሎ ፊቱን ወደ ውጭ ማዞር ነው። ማንም ያልጻፈው፣ ሁሉም የሚያከብረው ውል ነው። አንድ ቅዳሜ ግን ፊት ለፊቴ የተቀመጠው ደልደል ያለ ሰውዬ "እንብላ" ስለው "እሺ" አለና እጅጌውን ሰበሰበ። ክው አልኩ። ዳቦዬን ለሁለት ገመሰ። ያንን አልፌው ነበር፤ ሹካዬን አንስቶ እንቁላሉን ከእርጎው ጋር ማማሰል ሲጀምር ግን ዓይኔን ጨፈንኩ። የሱ ቅንጬ ሲመጣ በተራው "እንብላ" አለኝ። በቂም "እሺ" አልኩ። ሰውዬው ግን ደስ አለው፤ እንዲያውም ማንኪያውን ሞልቶ አጎረሰኝ። አሁን ቀድሞ ከመጣ ወንበር ይይዝልኛል። ፉሉን እንደሚያምስብኝ ስላወቅሁ ግማሹን መጀመሪያውኑ ለይቼ እሰጠዋለሁ፤ እሱ የራሱን ክልል ያምሳል፣ እኔ በዳር በዳሬ እሄዳለሁ።

እሑድ ቤቱ ሌላ ነው። ቅዳሜ ሬዲዮው ሸገር 102.1 ላይ እንደተተከለ ይውላል፣ ጨዋታው ይደራል። እሑድ ድምፁ ይቀንሳል። ቅዳሴ ያስቀደሱት በነጠላ ሆነው ሲገቡ ሌላው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ያላስቀደሰ ደግሞ ያስቀደሰ ለመምሰል ቀና ብሎ ይቀመጣል። የዕለቱ ሪፖርተር ጋዜጣ አንድ ቅጂ ብቻ ስለሚገባ በየገጹ ተለያይቶ ይዞራል። ስፖርቱ ከበር በኩል፣ የጨረታ ማስታወቂያው ከሚኒባሱ መቀመጫ በኩል፣ የፊት ገጹ ከሻለቃው ጋ። ሙሉ ጋዜጣ አንብቤ የማውቀው የሦስት ሰው ሒሳብ ከከፈልኩ ነው።

ከቅዳሴ ሰዎቹ ቀድመው የሚገቡት ሯጮቹ ናቸው። ቱታ ለብሰው፣ ጫማቸው አስፋልት እያበራ፣ ላባቸው ሳይደርቅ ይደርሳሉ። ሁሉም ስፔሻል ፉል በአንድ ድምፅ ይጠይቃሉ። እቴጌ መጀመሪያ "ስንት ሮጣችሁ?" ይላሉ። የእጅ ሰዓታቸውን ያያሉ። "ስድስት ኪሎ ሜትር።" "ለስድስት ኪሎ ሜትር ስፔሻል የለም፤ ኖርማል ስጣቸው።" ስፔሻል ሙሉ በሙሉ የሚፈቀደው ኅዳር ላይ፣ የታላቁ ሩጫ ዕለት ነው፤ አሥሩን ኪሎ ሜትር ጨርሶ ካናቴራውን እንደለበሰ ለመጣ። ካናቴራውን ገዝቶ ቤቱ ተኝቶ የመጣ እንዳለ እቴጌ በአረማመዱ ይለዩታል። እውነተኛው ሯጭ ደረጃውን ሲወርድ ጎኑን ይዞ ነው።

ሒሳብ ሲመጣ የሚሆነውን የማያውቅ አንባቢ የለም። "በሞቴ!" "ኧረ በፍጹም!" "እኔ እያለሁ?" "ባለፈው አንተ ነህ የከፈልከው!" ድሮ ውጊያው በእጅ ነበር፤ አንዱ ብሩን አስተናጋጁ ኪስ ውስጥ ሊከት ሲል ሌላው ክንዱን ይይዛል፤ በመሀል የአስተናጋጁ ሽርጥ ይቀደዳል። ቴሌብር ከመጣ በኋላ ግን ነገሩ የደፈጣ ሆኗል። ሰዉ እየሳቀ እያወራ፣ አንድ እጁ ከጠረጴዛ ሥር ስልክ ይጫናል። እየተከራከሩ ሳለ "ተከፍሏል" የሚል ድምፅ ይሰማል። ብዙ ጊዜ ታዲያ ሦስቱም ከፍለው ነው የሚገኙት። ትርፉ አይመለስም፤ እቴጌ ደብተር ላይ ይመዘግቡታል። ያ የተፈታኞቹ እንቁላል ከየት እንደሚመጣ የገባኝ ደብተሩን በጨረፍታ ካየሁ በኋላ ነው። የኛ ይሉኝታ ስንት ልጅ ዩኒቨርሲቲ እንዳስገባ እግዚአብሔር ይወቅ።

ባለፈው ክረምት ማዶ ካለው አዲስ ሕንጻ ሥር አንድ ዘመናዊ ካፌ ተከፈተ። ሶፋው የሚያስምጥ፣ አምፖሉ በገመድ የተንጠለጠለ፣ ሜኑው በስልክ ካሜራ የሚነበብ። በሩ ላይ "ደንበኛ ንጉሥ ነው" የሚል ጽሑፍ በመብራት ይበራል፤ ከእቴጌ ባንኮኒ ላይ ሆኖ ይነበባል። እቴጌ ለሁለት ሳምንት ምንም አላሉም። በሦስተኛው ቅዳሜ ሻለቃውን ጠሯቸውና ከመሳቢያው ብር ቆጥረው ሰጧቸው። "ይሂዱና ፉላቸውን ይቅመሱልኝ። በደንብ አይተው ይምጡ።"

ሻለቃው ከወንበራቸው ተነሱ። ወንበሩ ተንፍሶ ዝቅ አለ። የኮታቸውን ቁልፍ እስከ ላይ ቆለፉ፣ በመስታወቱ አንገትጌያቸውን አስተካከሉ፣ አስፋልቱን ግራና ቀኝ አይተው ተሻገሩ። ቤቱ ውስጥ የነበርነው ሁሉ ወደ በሩ አንገታችንን ሰገግን። ዐሥር ደቂቃ ሆነ። ግማሽ ሰዓት ሆነ። የጀበናዋ ልጅ ቶናውን አውርዳ በረካ ጀመረች። የማሽኑ ልጅ "በልተው እየደገሙ ነው" አለ፤ እቴጌ አዩት፣ ብርጭቆ ማጠብ ጀመረ።

ሲመለሱ ፊታቸው ገርጥቷል። ቤቱ ጸጥ አለ።

"እህ?" አሉ እቴጌ።

"በሦስት ሰዓት ከሩብ ገባሁ። በር ላይ ሁለት አስተናጋጆች ተቀበሉኝ። ቦታው ሰፊ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ መውጫው በሁለት በኩል ነው።"

"ፉሉስ?"

"አልበላሁም።"

"ለምን ሲባል?"

"ምን እንደምፈልግ ጠየቁኝ" አሉ ሻለቃው። "ፉል አልኩ። ኖርማል ነው ስፔሻል አሉኝ፤ ስፔሻል አልኩ። እንቁላሉ ይጠበስ ወይስ ይቀቀል አሉኝ። ዳቦው ነጭ ነው ቡኒ አሉኝ። ዘይቱ የወይራ ይሁን የሱፍ አሉኝ። ቃሪያው ውስጡ ይግባ ወይስ ጎን ይሁን፣ እርጎው ላዩ ላይ ወይስ ለብቻ፣ እዚሁ ነው ወይስ የሚወሰድ… እትዬ፣ እኔ በሕይወቴ እንዲህ ተመርምሬ አላውቅም። የተማረክሁ ነው የመሰለኝ። ስሜንና ማዕረጌን ብቻ ነግሬያቸው ወጣሁ።"

እቴጌ ብሩን በእጃቸው ምልክት አስመለሱ፣ ቆጠሩት፣ መሳቢያው ውስጥ ከተቱት። "ይቀመጡ" አሉ። ወደ ማድቤቱ ዞረው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ፦ "ለሻለቃ ቅንጬ!"

ሻለቃው ወንበራቸው ላይ ወጥተው፣ ረግጠው ረግጠው ከፍ ካሉ በኋላ ወደ እኔ ጎንበስ አሉ። "ፉል ነበር እኮ ያማረኝ" አሉኝ በሹክሹክታ።

"ሰምቻለሁ" አሉ እቴጌ ከባንኮኒው።